ስለ ጐረቤት ተድላና ስለ ቤትህ ሰላም

አንባቢ ሆይ፤ በትዳር ላይ ስለሚመጡ ፈተናዎች ብዙ ተጽፎአል። ስለ ስካር፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ገንዘብ መውደድ መምህራን ያስተምራሉ፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ማንም እንደ ፈተና የማይቈጥረውን ነገር ነው፤ ይኸውም መልካም ጐረቤት ነው። ክፉ ጐረቤት ባልና ሚስትን ብዙ ጊዜ ያስማማቸዋል፤ ሁለቱም በአንድነት ያሙታልና። ፍቅሩ የሚያስቀና ጐረቤት ግን አስቀድሞ የተሰነጠቀውን ቤት ሳያውቀው ይነቀንቀዋል።

ይህ ነገር በየስፍራው የሚሆን ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል፣ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አንሥቶ እስከ ሰሚትና እስከ አያት ባለው ሰፈር በተለይ ጐልቶ ይታያል። ስለ ምን ብትል፣ ይህ ሰፈር አዲስ ነው፤ የእርሻ መሬት የነበረው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከተማ ሆኖአል፤ ነዋሪውም ከሌላ ስፍራ ተነሥቶ የመጣ ነው። በአሮጌው ሰፈር፣ በካዛንቺስም ሆነ በልደታ፣ ጐረቤትህ አባትህ ያውቀው የነበረ ሰው ነበር። ግቢው የጋራ፣ ግድግዳው ጭቃ ስለ ነበረ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን ሰክሮ እንደ ገባ፣ ማን ሚስቱን እንዳስለቀሰ ሳይነጋ ይታወቅ ነበር። ይህ ኑሮ ሐሜትን አብዝቶአል፤ ሆኖም አንድ ጥቅም ነበረው፤ ማንም ሰው የማንንም ትዳር ፍጹም ነው ብሎ አያስብም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ጐረቤትን በዕጣ የሚገኝ አደረገው። በ1997 ዓ.ም. ወይም በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበ ሰው ብዙ ዘመን ከቈጠበ በኋላ ስሙ ሲወጣለት፣ ዕጣው ባመለከተው ሕንፃ፣ ዕጣው ባመለከተው ፎቅ ይገባል። በፊት ለፊቱ ያለውን በር የሚከፍተው ሰው ከየት እንደ መጣ አያውቅም። እንግዲህ ይህን ልብ አድርገህ ተመልከት፤ ሁለቱ ቤቶች አንድ ዓይነት ናቸው። የመኝታ ቤቱ ቍጥር አንድ፣ የወጥ ቤቱ ጥበት አንድ፣ በረንዳውም አንድ ነው፤ የባንኩም ዕዳ ያው ነው፤ ውኃውም በአንድ ቀን ይጠፋል። ቤቱና ዕዳው እኩል ሲሆን፣ የወዲያኛው ቤት ሲስቅ የወዲህኛው ቤት ዝም ቢል፣ ሰው ልዩነቱን ከምን ያመጣዋል? ከግድግዳው ሊያመጣው አይችልም። ስለዚህ ዘወር ብሎ የትዳር ጓደኛውን ያያል፤ «ጥፋቱ ከዚህ ሰው ነው» ይላል።

ሊዎን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለዚህ ነገር ጽፎአል። ሰው ስለ ራሱ ለመፍረድ የሚለካበት የታወቀ ሚዛን ሲያጣ ራሱን ከሌላ ሰው ጋር ያስተያያል፤ የሚመርጠውም እጅግ የሚበልጠውን ወይም እጅግ የሚያንሰውን ሰው አይደለም፤ የሚመስለውን ነው ብሎ አስረድቶአል። ቤተ መንግሥት አይቶ በሚስቱ ላይ የተቈጣ ሰው አላየሁም፤ በፊት ለፊት ያለውን በር አይቶ የተቈጣ ግን ብዙ ነው። ከዐሥርቱ ትእዛዛት የመጨረሻው ስለ መመኘት ሲናገር የሩቁን ባለጸጋ ሳይሆን ባልንጀራን ማንሣቱም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የገዛ አስተዳደጋችን ነው። እኛ ገመናን መሸፈን ተምረን ያደግን ሰዎች ነን። ከጐረቤትህ ጋር በደረጃ ላይ ስትገናኝ፣ «እንደምን አደራችሁ? ልጆቹስ? ቤቱስ?» ትለዋለህ፤ እርሱም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁሉ ደኅና ነው» ይልሃል። ሌሊቱን በሙሉ ተጣልተው አድረው ቢሆንም መልሱ ያው ነው። አንተም እንዲሁ ትመልስለታለህ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ነገር ግን ከጨዋነቱ የሚወለደውን ነገር አስተውል። የራስህን ትዳር በውስጥ፣ ሌሊቱንና ኩርፊያውን ጨምረህ ታውቀዋለህ፤ የጐረቤትህን ትዳር ግን ከበሩ የወጣውን ብቻ ታውቃለህ፤ ከበሩ የሚወጣውም ታጥቦና ተተኵሶ የሚወጣ ነው። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ መርማሪዎች ይህንኑ በተማሪዎች ዘንድ መርምረው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አሳተሙ። ተማሪዎቹ የባልንጀሮቻቸውን ኀዘን ከእውነተኛው አሳንሰው፣ ደስታቸውን ግን አብዝተው ይገምቱ ነበር፤ የሌላውን ኀዘን ይበልጥ አሳንሶ የሚገምተውም ብቸኝነት ይበልጥ የሚሰማው፣ በኑሮውም ደስ የማይለው ሆኖ ተገኘ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሌ ሆነን ከተቀመጥንባቸው ነገሮች አንዱን ልንገርህ። ባለ ጉዳዮቹ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ፈቅደዋል፤ ሆኖም ስማቸውንና የሚታወቁበትን ምልክት ትቻለሁ። ባልየው የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሚስቱ አስተማሪ ነበሩ። ከተጋቡ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖአቸዋል፤ ሦስት ልጆችም ወልደዋል። ጠብ የሚባል ጠብ አልነበራቸውም፤ ጨዋታ የሚባል ጨዋታም አልነበራቸውም። የሚነጋገሩት ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ባንክ ዕዳ ብቻ ነበር። በአንድ ቤት እንደ ሁለት ተከራይ ይኖሩ ነበር፤ ትዳር ሁሉ ሲቈይ እንዲህ ይሆናል ብለው ስላሰቡም ብዙ አላዘኑም።

ከዚህ በኋላ በፊት ለፊታቸው ባለው ቤት አዲስ ባልና ሚስት ገቡ። ባልየው የውኃውን ጀሪካን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ ወደ አራተኛ ፎቅ ይወጣ ነበር። እሑድ ጠዋት ሁለቱ በበረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ይጫወቱ ነበር። ማታም ሳቃቸው ይሰማ ነበር፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ መሆኑን የገባበት ያውቀዋል።

ሚስቲቱ በመጀመሪያ በመምጣታቸው ደስ አላት፤ ዳቦ ጋግራ ሄዳ፣ «እንኳን ደኅና ገባችሁ» አለቻቸው። ውሎ አድሮ ግን ቀድሞ የማታየውን ማየት ጀመረች። ባልዋ ጀሪካኑን አልፎት ሲወጣ አየች፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሲያልፈው ኖሮአል፤ ያን ጊዜ ግን ልብዋን ወጋት። አንድ ማታ፣ «ሰውየው ሚስቱን እንዴት እንደሚይዝ አታይም?» አለችው። እርሱም መልስ አላጣም፤ «ሴትዮዋስ ባልዋን እንዴት ባለ ፊት እንደምትቀበለው አታዪም?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ባልና ሚስት ሳያውቁት በዚህ ቤት ማዕድ ይቀመጡ ጀመር፤ ነገር ሁሉ በእነርሱ ይመዘን ነበርና። ባልየው የፊት ለፊቱን በር ላለማየት ሲል አምሽቶ መግባት አመጣ፤ ሚስቱም ማምሸቱን በሌላ ተረጐመችው። ስምንት ወር ሳይሞላ ፍቺ የሚለው ቃል በልጆቹ ፊት ተነገረ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጥን፤ ከሦስታችን አንዲቱ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። (ሴት ለሽምግልና አትቀመጥም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን በስፍራው ቢኖሩ ኖሮ ሐሳባቸውን በለወጡ ነበር።) ሁለቱም በየተራ ክሳቸውን ተናገሩ። ሚስቲቱ ብዙ ተናገረች፤ ባልየውም ብዙ መለሰ። እኒያ እናት ዝም ብለው ሲሰሙ ቈይተው፣ «ልጆቼ፤ የተጣላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስማቸው የሚነሣው ግን የጐረቤቶቻችሁ ነው። እስቲ እነዚያን ሰዎች ከዚህ ቤት አስወጥታችሁ እንደ ገና ንገሩን። እነርሱ ሳይመጡ የጐደለው ምን ነበር?» አሉአቸው።

ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በኋላ ሚስቲቱ፣ «እናቴ የሞተች ጊዜ ነው» አለች። ባልዋ ለቅሶውን ተቀምጦአል፣ ወጪውን ችሎአል፣ ሰዉን አስተናግዶአል፤ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ፣ «እንዴት ሆንሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አልተናገረችም፤ ጀሪካኑን ግን በየቀኑ ትናገር ነበር። ባልየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ቈየና የእርሱን ተናገረ። ታናሽ ወንድሙ በስደት መንገድ ተይዞ ገንዘብ በተጠየቀበት ጊዜ፣ ከሚስቱ ተደብቆ ብዙ ብር ተበድሮ ልኮአል፤ ዕዳውም ከደመወዙ ይቈረጥ ነበር። እርስዋ ለልጆቹ ጫማ ስትጠይቀው ምሥጢሩን ያወቀችበት ይመስለው ነበር፤ ፊቱን ያጠቈረውም ስለዚህ ነበር።

ያን ቀን ተቃቅፈው አለቀሱ ብዬ ብጽፍልህ ሐሰት ይሆንብኛል። ሚስቲቱ ስለ ዕዳው እጅግ ተቈጣች፤ ቍጣዋም የሚገባ ነበር፤ የቤት ገንዘብ የሁለቱ ነውና። ሦስት ጊዜ ደጋግመን ተሰበሰብን። ዛሬ አብረው ይኖራሉ፤ ገንዘብ በተነሣ ቍጥር አሁንም ይጋጫሉ። የሚጋጩት ግን ስለ ራሳቸው ነገር ነው፤ ይህም ትልቅ ለውጥ ነው እላለሁ።

ስለ ጐረቤቶቹስ ምን ተገኘ? ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ምናልባት፣ «በስውር የሚጣሉ ሆነው ተገኙ» እንድል ይጠብቅ ይሆናል። አልተገኙም። የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሚስቲቱ ከነገሩ በኋላ ከጐረቤትዋ ጋር ቡና ስትጠጣ ያላወቀችውን ሰማች። ባልየው በደብረ ብርሃን በኩል የሚሠራ ሰው ነው፤ ዓርብ ማታ ይመጣል፣ ሰኞ ሳይነጋ ይሄዳል። የእኛ ሰዎች በሥራ ቀን ውጭ ስለሚውሉ ይህን አላስተዋሉም፤ ያዩት የሁለቱን ቀን ብቻ ነበር፤ የቀሩትንም አምስት ቀኖች በእነዚያ መልክ ሞልተዋቸው ነበር። ጐረቤትዋም፣ «ሁለት ቀን ለሚቀመጥ ሰው በምን ጊዜ ልጣላው? የቀረውን ልጆቹን ይዤ ብቻዬን ነኝ። እኔስ ባልሽ አምሽቶም ቢሆን በየማታው በሩን ከፍቶ ሲገባ በሰማሁ ቍጥር እቀናብሽ ነበር» አለቻት። የያዕቆብን ሚስቶች የልያንና የራሔልን ታሪክ ያነበበ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ አንዲቱ ልጆች ነበሩአት፣ ሁለተኛይቱ የባልዋ ፍቅር ነበራት፤ እያንዳንዳቸውም ወደ ሌላይቱ ድንኳን ይመለከቱ ነበር።

እንግዲህ ሰው ከዚህ ሕመም ሊድን ሲፈልግ ወደ ሁለት መንገዶች ይሮጣል፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። አንደኛው የጐረቤትን ጉድ መፈለግ ነው፤ «ይህ ሁሉ ሳቅ ለታይታ ነው» እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ጠባቸውንም በሰማ ጊዜ ደስ ይለዋል። በሰው ቤት መፍረስ የሚጽናና ልብ የራሱን ቤት አይሠራም። ሁለተኛው መንገድ የሚታየውን ነገር መቅዳት ነው። ጐረቤት መኪና ሲገዛ መኪና፣ ጐረቤት ለጋብቻው መታሰቢያ ድግስ ሲያደርግ ድግስ ይሆናል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በብድር ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ስለ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከላይ የነገርኩህ ባልም አንድ ሰሞን ጀሪካን መሸከም ጀምሮ ነበር፤ ሚስቱ ግን አልተጽናናችም። የራብዋ ምክንያት ጀሪካን አልነበረምና።

የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ ቅንዓቱ በተነሣ ጊዜ እንደ እሳት ቶሎ ለማጥፋት አትሩጥ፤ ምን እንደሚፈልግ ጠይቀው። «በእነርሱ ዘንድ ያየሁትና በእኔ ዘንድ ያጣሁት ነገር በትክክል ምንድር ነው?» በል። መልሱን ስታገኝ የጐረቤትህን ስም ሳትጠራ ለትዳር ጓደኛህ ንገር። «እንደ እገሌ ሁን» የሚል ቃል ክስ ነው፤ የሚሰማው ሰው ይከላከላል። «እሑድ ጠዋት ከአንተ ጋር ብቀመጥ ደስ ይለኛል» የሚል ቃል ግን ልመና ነው፤ ለልመናም መልስ ይገኛል። ባይገኝ እንኳ የጐደለው ነገር ስሙ ታውቆአል።

አሁን ግን አንድ ከባድ ነገር መናገር ይገባኛል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ጉዳት ያመጣልና። አንቺ እኅቴ ሆይ፤ በቤትሽ የምትመቺ፣ የምትሰደቢ፣ የምትዋረጂ ብትሆኚ፣ በጐረቤትሽም ቤት ሰው ሚስቱን ሳይመታ እንደሚኖር አይተሽ ልብሽ ቢነሣሣ፣ ይህ ቅንዓት አይደለም፤ እውነትን ማየት ነው። ለእንዲህ ያለች ሴት፣ «የሰው ቤት አትመልከቺ፤ የራስሽን ቻዪ» የሚሉ መካሪዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ያገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች ከመቶው 34ቱ ከባላቸው በኩል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህ ማለት ከሦስት በር አንዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደረገውን የኃይል ሥራ ወንጀል ብሎታል። እንዲህ ያለው ነገር በሽምግልና ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። የምትሸሽበት ላጣችም በአዲስ አበባ እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ።

ግፍ በሌለበት፣ ፍቅር ግን በቀዘቀዘበት ቤት ስላላችሁ ደግሞ፣ የሚቸኩል ሰው ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ዳኞች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የመፍረዱን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አድርጎአል። ሆኖም ባልና ሚስት በስምምነት ለመፋታት በቀረቡ ጊዜ፣ ዳኛው አነጋግሮአቸው፣ አስፈላጊ መስሎ ሲታየው ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህን ጊዜ እንደ መጕላላት ይቈጥሩታል፤ ወረቀታቸውን ይዘው ቀኑን ይቈጥራሉ እንጂ አይነጋገሩበትም። ከላይ የተነገሩት ባልና ሚስት ግን ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ለራሳቸው ሦስት ወር ቈረጡ፤ በዚያም ጊዜ ስለ ሌላ ስለ ማንም ቤት ላይነጋገሩ ተስማሙ። ሚስቲቱ በኋላ እንደ ነገረችን፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነጋገሩት ነገር ጠፍቶባቸው ዝም ብለው ነበር።

በመጨረሻም ደግሞ፣ አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተ የዚያ የፊት ለፊቱ ቤት ባለቤት ትሆናለህ፤ ሰው የሚቀናበት ሳቅ ከቤትህ የሚሰማ ትሆናለህ። ሳቅህን አትቀንስ። ነገር ግን ጐረቤትህ ስለ ኑሮህ በጠየቀህ ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን «ሁሉ ደኅና ነው» ብለህ ብቻ አትለፈው፤ የቤትህን ገመና ሳታወጣ፣ የሚከብድህን አንድ ነገር ንገረው። ቡናም ስትጠሩ ሚስቲቱን ለብቻዋ አትጥሩ፤ ከባልዋ ጋር ጥሩአት፤ ስኒውንም ባልየው ያድል።